ገብስማዋን ከማረዳችሁ በፊት

ሐይቅ ከተማ ከምትኖር አንዲት እህት የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አራት የአበሻ ዶሮዎችና አንድ አውራ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ሦስት ወር የሆናቸው፣ ሳሶ የሚባለው የተዳቀለ ዝርያ የሆኑ ስድስት ቄቦች ገዝቼ ቀላቀልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለም። በተለይ ገብስማዋ ዶሮዬ መኖው አጠገብ አታስደርሳቸውም። አንዷን አናቷን አድምታታለች። ቄቦቹ ማታ ቆጥ አይወጡም፤ ጥግ ላይ ተደራርበው ያድራሉ። ጎረቤቶቼ ‹ዶሮ ምን አእምሮ አላት፣ ተያቸው ይለምዱታል› ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ገብስማዋን ለበዓል እንረዳት ብሏል። እውነት ዶሮ አእምሮ የላትም? ሆን ብላ ነው የምታጠቃቸው? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አስቸኳዩን ልንገርሽ። አናቷ የደማውን ቄብ ዛሬውኑ ለይተሽ አስቀምጫት። ዶሮን ቀይ ነገር ይስባታል። ደም ካየች መንቆሯን አታቆምም፤ ሌሎቹም ይከተሏታል፣ አብረዋት ያደጉት ቄቦች ጭምር። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠቢላት። ቅርፊት ይዞ በደንብ እስኪደርቅ አትመልሻት። ግን ከዓይን አታርቂያት። እዚያው ግቢ ውስጥ በሽቦ ወይም በትልቅ ቅርጫት ከልለሽ፣ ሌሎቹ እያዩዋት እሷም እያየቻቸው ትቆይ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር፣ ገብስማዋን አትረዷት። ቢያንስ በዚህ ምክንያት አትረዷት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ዶሮ አእምሮ አላት ወይ? አላት፤ በደንብ አላት። ጎረቤቶችሽ «ይለምዱታል» ማለታቸው ከሞላ ጎደል ልክ ነው። የሚላመዱት ግን አእምሮ ስለሌላቸው አይደለም። አንዷ ሌላዋን ለይታ ስለምታውቅ፣ ስለምታስታውስ፣ ከማን ጋር መጋጨት እንደማያዋጣ ስለምታመዛዝን ነው። ግቢሽ ውስጥ የምታዪው ጠብ ይህ መተዋወቅ ገና ስላላለቀ የመጣ ነው።

ነገ ጠዋት አንድ እፍኝ ማሽላ ያዢና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጣይው። ከዚያ ዘወር ብለሽ ቁሚ። ቄቦቹን ለጊዜው ተያቸውና አራቱን ነባሮች ብቻ ተመልከቺ። አንዷ መሃል ገብታ ያለ ሥጋት ትበላለች። ሁለተኛዋ ከጎኗ ሆና ትለቅማለች፤ ዓይኗ ግን ከመጀመሪያዋ አይነቀልም። ሦስተኛዋ ጠጋ ስትል ሁለተኛዋ አንገቷን መዘዝ ታደርጋለች፤ የአንገቷ ላባ ትንሽ ይነሳል። በቃ። ሦስተኛዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ ገለል ትላለች፤ ዞራ በሌላ በኩል ትመጣለች። አራተኛዋ ዳር ዳሩን እያለች ተፈናጥሮ የወጣውን ፍሬ ትለቅማለች። ማንም አልተነቆረም፣ አንድ ላባም አልወደቀም። ሁሉም ነገር በሁለት ሰከንድ ስለሚያልቅ ልብ ካላልሽው ያመልጥሻል።

ይህን ተራ በጽሑፍ ያሳወቀው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። ገና በልጅነቱ ዶሮዎችን እያየ ማን ማንን እንደምትነቁር ይመዘግብ ነበር። አድጎ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሳተመ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ በአንድ መንጋ ውስጥ በየትኞቹም ሁለት ዶሮዎች መካከል የበላይና የበታች አለ። የበላይዋ ቀድማ ትበላለች፣ የተሻለውን ቆጥ ትይዛለች፣ የፈለገችው ጎጆ ውስጥ ዕንቁላል ትጥላለች። ይህ አንዴ በጠብ ከተወሰነ በኋላ ግን ጠብ አያስፈልግም። አንገት መምዘዝ ይበቃል። ሰው ይህን ሲሰማ ጭቆና ይመስለዋል። እኔ የማየው ሰላም ነው። ተራው የታወቀ መንጋ ቀኑን ሙሉ ሲጭር፣ አፈር ሲታጠብና ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል እንጂ አይጣላም።

ነገሩ እንዲሠራ እያንዳንዷ ዶሮ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ማወቅ አለባት። ታውቃለችም። የምትለያቸው በዋናነት በፊታቸውና በራሳቸው ነው። የአንዷ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ቅርጹ ወይም አወዳደቁ ቢለወጥ፣ አብራው የኖረችው መንጋ እንደ እንግዳ ሊነቁራት ይችላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ከመንጋው ርቃ የተመለሰች ዶሮም ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ትቆጠራለች፤ ተራዋን እንደገና መታገል ሊኖርባት ነው። የደማችውን ቄብ ከዓይን አታርቂያት ያልኩሽ ለዚህ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች በታጨቁበት የእርባታ ቤት እንዲህ ያለ መተዋወቅ የለም፤ እዚያ በአካልና በአናት ሥጋ ትልቀት ይገማመታሉ እንጂ ተራ አይያዙም። የአንቺ ግቢ ግን ከነአውራው 11 ነው። ሁሉም ሁሉንም ያውቃል።

«ሆን ብላ ነው ወይ?» ላልሽው፣ ክፋት አይደለም። ሳታውቅ የምታደርገውም አይደለም። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አንዲት ዶሮ፣ የበላይዋ የሆነችው ዶሮ ከማታውቃት እንግዳ ጋር ስትጣላ እንድታይ ይደረጋል። እንግዳዋ የበላይዋን ስታሸንፍ ያየች ዶሮ፣ በኋላ ከዚያች እንግዳ ጋር ብቻቸውን ሲገናኙ ቀድማ አልነካቻትም፤ ተገዛችላት። የበላይዋ እንግዳዋን ስታሸንፍ ያየችው ግን ድፍረት አገኘች። ቀድመው የገጠሙም፣ ያሸነፉም ነበሩ። «እኔን የምታሸንፈኝን ካሸነፈች፣ እኔን ማሸነፏ አይቀርም» እንደማለት ነው። ዶሮዋ ሳትነቆር፣ ዳር ቆማ በማየት ብቻ ቦታዋን አወቀች። አንቺ ቤትም ገብስማዋ ቄቦቹን ስታባርር ሌሎቹ ሦስት እያዩ ነው። ጠቡ ከአንዷ ጀምሮ ወደ አራቱም የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ነገር አጣሪልኝ። ማሽላውን ስትጥዪ ገብስማዋ ስንተኛ ናት? እኔ በየመንደሩ እንዳየሁት እንግዳን በጣም የምታሳድደው ብዙ ጊዜ የሁሉ የበላይ የሆነችው አይደለችም። እሷ ቦታዋ አይነካም። የምታሳድደው ከላይዋ ሁለት ያሉባት፣ ከታችዋ አንዲት ብቻ ያለቻት ናት። ስድስት እንግዳ ሲመጣ ብዙ የምታጣው እሷ ናትና።

ብታርዷት ምን እንደሚከተል አስቢው። የእሷ ቦታ ባዶ ይሆናል። የቀሩት ሦስቱ እንደገና ለቦታ ይጋጫሉ፣ ከስድስቱ ጋር ያለውም ነገር ገና ስላልተወሰነ ሌላዋ ተነስታ ገብስማዋ የጀመረችውን ትቀጥላለች። ችግሩ ቀለሙን ቀይሮ ይቆያችኋል ማለት ነው። ደግሞ ዕንቁላል ታቅፋ የምታስፈለፍለዋ ዶሮሽ እሷው ከሆነች፣ የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን መጣል ነው የሚሆነው። ሳሶዎቹ እኮ ማቀፍ አይጠበቅባቸውም። ለዕንቁላልና ለሥጋ ሲዳቀሉ ያ ጠባይ ደክሟል።

አሁን ወደ ቄቦቹ ልዙር። እውነቱን ለመናገር ልቤ የሚያዝነው ለእነሱ ነው። ገብስማዋ ከእናት ተምራለች። እነሱ ከማሽን ወጡ።

ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች። ወደ መጨረሻው፣ 20ኛው ቀን አካባቢ፣ ጫጩቱ ገና ቅርፊቱ ውስጥ እያለ ይጮኻል። ዕንቁላሉን ጆሮሽ ላይ ብታደርጊው ትሰሚዋለሽ፤ ቀጭን፣ ቆረጥ ቆረጥ የሚል ድምፅ ነው። እናትየዋም ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስለታለች። ጫጩቱ ፊቷን ከማየቱ በፊት ድምጿን ይለምዳል። ቅርፊቱ ውስጥ ሲጠቀለል ደግሞ ግራ ዓይኑ በገላው ይሸፈናል፣ ቀኝ ዓይኑ ወደ ቅርፊቱ ይዞራል። እናትየዋ ለመብላት ከዕንቁላሉ ስትነሳ ብርሃን በቅርፊቱ አልፎ ቀኝ ዓይኑን ያገኘዋል። ይህች ጥቂት ብርሃን ለአንጎሉ ሥራ ታከፋፍላለች። ከተፈለፈለ በኋላ ቀኝ ዓይኑ ጥሬን ከጠጠር ለመለየት ይቀድማል፣ ግራው ከላይ የሚመጣውን ይጠብቃል። በጨለማ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ግን እየለቀሙ በዚያው ጭልፊትን መጠበቅ ይቸግራቸዋል፤ ይህ በሙከራ ታይቷል። የመፈልፈያ ማሽን ውስጡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጨለማ ነው። ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ ገብስማሽ አንገቷን ጠምዝዛ በአንድ ዓይን ሽቅብ ስታይ አይተሻት ከሆነ፣ ያ ዓይን ብዙ ጊዜ ግራው ነው።

ከዚያ ትምህርቱ ይመጣል። እናት ዶሮ ፍሬ አንስታ፣ ጥላ፣ መልሳ አንስታ፣ ቶሎ ቶሎ እየጠራች ታሳያቸዋለች። ይህን ማንም የአገራችን ሰው አይቶታል። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሙከራ ግን ከዚህ በላይ አሳይቷል። እናቶቹ አንደኛው ቀለም መኖ መጥፎ፣ ሌላኛው ጥሩ መሆኑን በልተው እንዲያውቁ ተደረገ። ከዚያ ጫጩቶቻቸው «መጥፎውን» ሲለቅሙ አዩ። እናቶቹ ጥሩው መኖ ላይ መጫሩንና መንቆሩን አበዙት፣ ልጆቻቸውን ወደዚያ ለመሳብ። እናትየዋ ልጇ ሲሳሳት አይታ የራሷን ሥራ ትቀይራለች ማለት ነው። ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ሥራ፣ ጫጩቶች ላይ ትንሽ አየር እፍ ሲባልባቸው የእናቶቻቸው የልብ ምት ፈጠነ፣ ንቁ ሆኑ፣ ልጆቻቸውን የሚጠሩበትን ድምፅ አበዙ። በእነሱ በራሳቸው ላይ የደረሰ ነገር አልነበረም። እናት ዶሮ ጫጩት ተነካባት ብላ ሰው ላይ ስትዘል ያየ ወሎዬ ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገው ይሆናል፤ እኔ ግን ልቧ መለካቱ ደስ ብሎኛል።

በእናት ያደገ ጫጩት ከማሽኑ ጫጩት ይልቅ ድንጉጥነቱ ያነሰ ነው። ሲያድግም የጓደኛውን ላባ የመንቀል አመል ይቀንስበታል። የአንቺ ስድስት ቄቦች ይህን ሁሉ አላገኙም። በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ክፍል፣ በአምፖል ሙቀት አደጉ። ትልቅ ዶሮ አይተው አያውቁ ይሆናል። አንገት መምዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ያሳያቸው የለም። ስለዚህ ገብስማዋ ስታስጠነቅቅ ገለል አይሉም፣ ቆመው ያያሉ። እሷ ደግሞ ማስጠንቀቂያዋ ስላልተሰማ ትነቁራለች። በአንዷ አናት ላይ ያየሽው ደም ከዚህ አለመግባባት የመጣ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ማታ ጥግ ላይ ተደራርበው ማደራቸውም ከዚሁ የተያያዘ ነው። የዶሮ ቅድመ አያት የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚያድረው። የአበሻ ዶሮ ይህን አልተወችም። ዶሮ አገራችን የገባችውም ትናንት አይደለም፤ ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ ቦታ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚተርፍ ሲመርጡ የኖሩት ጭልፊቱ፣ ሸለምጥማጡና ክረምቱ ናቸው። ከፍ ብላ ያላደረች ዶሮ ዘር አልተወችም። ቄቦቹም ይህ ፍላጎት አላቸው፤ የጎደላቸው ልምዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ቆጥ ያላገኙ ጫጩቶች ካደጉ በኋላ ከፍታን ገምቶ መዝለል ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቆጥ ሥሪላቸው፣ ከመሬት ጉልበትሽ ድረስ ቢሆን በቂ ነው። እንጨቱ እግራቸው ጨብጦ የሚይዘው ውፍረት ይኑረው፤ የተላገ ሹል ጠርዝ ካለው አይመቻቸውም። ሲመሽ አንድ በአንድ አንስተሽ አስቀምጫቸው። ለጥቂት ምሽቶች ከደገምሽው አንዷ ራሷ ትወጣለች፣ ሌሎቹ እሷን አይተው ይከተላሉ። መደራረቡን ግን በቸልታ አትለፊው። ከታች የምትሆነው ልትታፈን ትችላለች።

ከዚህ ተነስተን ምን ይደረግ? ዋናው ሥራ እየተያዩ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። የዶሮ ቤቱን ወይም የግቢውን አንድ ጎን በወንፊት ሽቦ ክፈይና ስድስቱን እዚያ አግቢ። ለእነሱ የራሳቸው መኖና ውሃ ይኑራቸው። መኖውን ከሽቦው በዚህና በዚያ ጎን አቀራርበሽ አድርጊው፤ እየተያዩ ይብሉ። መጀመሪያ ገብስማዋ ሽቦውን ልትነቁር ትችላለች። ተያት። ከቀናት በኋላ ስትሰለች ታዪያታለሽ። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት እንዲህ ይቆዩ። የእኔ ምክር ሁለት ሳምንቱን ሙሉ ነው፤ ምክንያቱን ስለ በሽታው ስናወራ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ ስትከፍቺ ሁሉንም በአንዴ ክፈቺ፣ አንድ በአንድ አታስገቢ። ብቻዋን የገባች ቄብ የአራቱንም መንቆር ብቻዋን ትቀበላለች፤ ስድስት ሲሆኑ ይከፋፈላል። ቦታው ሰፊ ይሁን። ቢቻል ከሰዓት በኋላ፣ ነባሮቹ ጠግበው ሲያርፉ ይሁን። መኖና ውሃ ቢያንስ ሁለት ቦታ አድርጊ፤ አንደኛው ጋ የቆመች ዶሮ ሌላኛውን ማየት እንዳትችል ይሁን። በመሃል የተወጠረ ጆንያ ወይም የተቆለለ እንጨት ይበቃል። የተባረረች ቄብ ከዓይን የምትሰወርበት ነገር ካገኘች አሳዳጇ ቶሎ ትተዋታለች። ምንም መጠለያ በሌለው ሜዳ ላይ ግን ማሳደዱ አያልቅም፣ ምክንያቱም ተሸናፊዋ ወዴትም ብትሄድ ትታያለች።

እናቶቻችን አዲስ ዶሮን ማታ በጨለማ ከቆጡ ላይ ይቀላቅላሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዶሮ በጨለማ ማየት ስለማትችል አትጣላም፣ ሌሊቱንም ጎን ለጎን ያድራሉ። ግን ብቻውን አይበቃም። ሲነጋ ዓይን አለ፣ እንግዳም እንግዳ ነው። ከሽቦው ሁለት ሳምንት በኋላ ብትጨምሪበት ግን እጅግ ይረዳሻል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ገብስማዋ አሁንም ካላረፈች፣ ቄቦቹን ሳይሆን እሷን ለጥቂት ቀናት ለዪ። እሷ በሌለችበት ቄቦቹ ግቢውን ይለምዱታል፣ ከሦስቱ ጋርም ይላመዳሉ። ስትመለስ ቤቱን የጠበቀች ባለቤት መሆኗ ይቀርና ራሷ ቦታ ፈላጊ ትሆናለች። ማስፈራሪያው፣ ድንጋይ ውርወራው፣ አለንጋው ግን ምንም አያስተምራትም። የሚጨምረው ፍርሃት ነው። የፈራ መንጋ ደግሞ የበለጠ ይነቋቆራል።

አውራሽን አትርሺው። በሰል ያለ አውራ ያለበት መንጋ በዶሮዎቹ መካከል ያለው ጠብ ይቀንሳል። ጥሩ አውራ ፍሬ ሲያገኝ ራሱ አይበላም። ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ «ኩክ ኩክ ኩክ» እያለ ይጠራል። ዶሮዎቹም ማን በእውነት እንደሚያበላ ያውቃሉ፤ በባዶ የሚጠራ አውራ እየቆየ ሰሚ ያጣል። ማስጠንቀቂያውም ሁለት ዓይነት ነው። ከሰማይ ጭልፊት ሲመጣ ቀጭንና ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል፤ የሰሙት ዶሮዎች አጎንብሰው ወደ ቁጥቋጦ ይሮጣሉ ወይም ባሉበት ድርቅ ይላሉ። በምድር ድመት ወይም ሸለምጥማጥ ሲመጣ የተቆራረጠ፣ የሚደጋገም ጩኸት ያሰማል፤ ያኔ ቀና ብለው ዙሪያቸውን ያያሉ። የጭልፊቱ ምስል በሌለበት ድምፁ ብቻ በካሴት ሲሰማም ዶሮዎቹ እንደዚያው አድርገዋል። ስለዚህ ድምፁ ራሱ «ከላይ ነው» ወይም «ከታች ነው» የሚል መልእክት አለው። ቄቦቹን ከሽቦው ውስጥ ስታቆዪ ይህንንም ነባሮቹን እያዩ ይለማመዳሉ። እዚያ ሐይቁ ዳር ጭልፊት እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ለጎረቤቶችሽ ደግሞ እነዚህን ሁለት ነገሮች ንገሪልኝ። ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ላይ፣ ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀን የሆናቸው ጫጩቶች አብረዋቸው ያደጉ ትናንሽ ኳሶች ከሁለት መጋረጃ ጀርባ ተደብቀው፣ እያዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ፣ በመጨረሻ ብዙ ኳስ ያለበትን መጋረጃ መርጠው ይሄዱ ነበር። መደመርና መቀነሱን በአእምሯቸው ይዘውታል ማለት ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ ዶሮዎች 2 ሰከንድ ጠብቀው ለ3 ሰከንድ ከመብላትና 6 ሰከንድ ጠብቀው ለ22 ሰከንድ ከመብላት እንዲመርጡ ተደረገ። ብዙውን ጊዜ መጠበቁን መረጡ።

አሁን ከመነቆሩ ይልቅ ወደሚያሰጋኝ ነገር። ከገበያ ወይም ከነጋዴ የመጣ ዶሮ በቀጥታ መቀላቀል የለበትም። ፈንግል የሚባለው በሽታ ግቢ ሙሉ ዶሮ በሳምንት ውስጥ ይጠርጋል። እኛ አካባቢ ዝናብ ሲጀምርና ገበያው ለበዓል ሲደራ ይብሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምልክቱ ሊወጣ ስለሚችል ነው ቄቦቹን ሁለት ሳምንት ሙሉ ለይተሽ አቆዪ ያልኩሽ። ቀድመሽ የቀላቀልሽ ቢሆንም አሁንም ለዪያቸው፣ ሁሉንም በየቀኑ እዪ። ላባዋን ነፍታ የምትቆዝም፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣት፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ አንገቷ የሚጠመዘዝ ዶሮ ካየሽ ወዲያው ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሪ። የታመመችውን ወደ ገበያ አታውጪ፣ ጎረቤትም አትስጪ። ሻጩን ቄቦቹ የትኛውን ክትባት በስንት ቀናቸው እንደወሰዱ ጠይቂና ጻፊው። የአበሻዎቹ አራቱ ምናልባት በሕይወታቸው አልተከተቡ ይሆናል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ብዙውን ጊዜ ለብዙ ዶሮ በሚሆን ብልቃጥ ስለሚመጣ ከጎረቤቶችሽ ጋር ሆናችሁ ባለሙያ ብትጠሩ ይቀላችኋል። በየጊዜው መደገም እንዳለበት ግን አትርሱ።

ሌላው የቀረው ገብስማዋ መታቀፍ ስትጀምር የምታደርጊው ነው። ቄቦቹ አምስት ወር አካባቢ ሲሆናቸው ዕንቁላል መጣል ይጀምራሉ። በዚያን ጊዜ ገብስማዋ ጎጆዋ ላይ ተነፍታ አልነሳም ካለች፣ ከእነሱ ዕንቁላል አሥር ወይም አሥራ ሁለት አስታቅፊያት። ጫጩቶቹ አባታቸው የአበሻ አውራሽ ስለሚሆን እንደ ሳሶ እናቶቻቸው አይጥሉም፣ ግን በእናት ያደጉ ይሆናሉ። እንድትታቀፍ የማትፈልጊ ከሆነም ቁልቁል ማንጠልጠል፣ ውሃ ውስጥ መንከርና አፍንጫዋ ውስጥ ላባ መሰካት የሚባለውን ተዪ። ያሠቃያታል እንጂ ጥቅም የለውም። ከታች ወንፊት ሽቦ ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ከነመኖዋና ከነውሃዋ ለጥቂት ቀናት አቆዪያት። ሆዷ ሥር አየር ሲያገኛት የማቀፍ ፍላጎቷ ይበርዳል።

ሽቦውን ከከፈትሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከስድስቱ አንዷ አሁንም ዳር ቆማ የምትቀር ከሆነ፣ ማታ ቆጥ ላይ እያለች አንገቷ ሥር ያለውን የመኖ ከረጢቷን በጣትሽ ዳብሺው። ሞልቶ ካገኘሽው ችግር የለም፣ ተደብቃ እየበላች ነው። ባዶ ከሆነ ሦስተኛ የመኖ ቦታ ጨምሪና የትኛዋ እንደምታባርራት አይተሽ ጻፊልኝ።